ስካር ከእስር ቤት ወደ ሐኪም ቤት፦ የዴንቨር ታሪክና የእኛ «ድንገተኛ ሕመም»

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

በዚህ አምድ የሚወጣው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ አገራችን ፖለቲካ ነው። ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንዲት አጭር ሐረግ ለመጻፍ ፈልጌአለሁ። «በድንገተኛ ሕመም» የምትለዋ ናት። በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የሞት መርዶ በስልክ መልእክት ሲደርሰን፣ ሟቹም ገና በአርባዎቹ ወይም በሃምሳዎቹ ያለ ወንድ ሲሆን፣ ይህች ሐረግ አብራ የምትመጣበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ በእርግጥም ድንገተኛ ነው። አንዳንዱ ግን አሥር አሥራ አምስት ዓመት የፈጀ፣ ሚስት የምታውቀው፣ ጓደኛ የሚያውቀው፣ ጉበት የሚያውቀው ሕመም ነው። ልቅሶው ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ እያወቀ «ነፍስ ይማር» ተባብሎ ይበተናል።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ አንድ ድልድይ ሲወድቅ «በድንገት ወደቀ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ አይቻልም። ብረቱ መቼ መዛግ እንደጀመረ፣ ማን እንዳየው፣ ያየው ሰው ለምን ዝም እንዳለ ይጠየቃል። ስለዚህ ጉዳይ የታሪክ መጻሕፍትንና የሕክምና ጥናቶችን ማገላበጥ የጀመርኩት በዚህ ልማድ ነው። ያገኘሁትም አስገረመኝ። እኛ ዛሬ የምናደርገውን፣ ማለትም ሕመሙን የባሕርይ ውርደት አድርጎ መደበቅን፣ ይህች የምንኖርባት ከተማም ለመቶ ዓመት ያህል ስታደርገው ነበር። ከዚያ ተወችው። እንዴት እንደተወችው ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። (በጽሑፉ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮሎራዶ መራጮች በ1914 መጠጥ እንዲከለከል ድምፅ ሰጡ፤ ክልከላውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1916 ተፈጻሚ ሆነ። መላው አሜሪካ የከለከለው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ጎልደን ከተማ ያለው፣ በ1873 የተመሠረተው የኩርስ ቢራ ፋብሪካ በዚያ ዘመን የብቅል ወተትና የሸክላ ዕቃ እያመረተ ነፍሱን አቆየ። የሚገርመው፣ ኮሎራዶ ቢራ ከልክላ ሳለች በ1922 አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የቢራ ፋብሪካዋን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ከፈተች። ክልከላው ምንም አልጠቀመም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በጉበት በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መቀነሱ የተረጋገጠ ነው። ግን የኮንትሮባንዱና የወንበዴው ጉዳት ስለበዛ በ1933 ተሻረ። ክልከላው ቢራውን እንጂ በሽተኛውን አላየውም ነበር።

ዛሬ ላሪመር ስኩዌር ሄዶ እራት የበላ ሰው፣ የላሪመር መንገድ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የዴንቨር ሰካራሞች መናኸሪያ እንደነበረ ላይገምት ይችላል። ርካሽ አልቤርጎ፣ ቡና ቤት፣ የአሮጌ ዕቃ መደብር፣ ሾርባ የሚያድል ሚሲዮን የሞላበት ሰፈር ነበር። እንዲህ ባለው ሰፈር የነበረው አሠራር በመላው አሜሪካ አንድ ዓይነት ነው። ፖሊስ ማታ ይለቅማል፤ ሰውየው እስር ቤት ያድራል፤ ጠዋት ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይቀጣል፤ ይለቀቃል፤ ማታ ተመልሶ ይለቀማል። በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን የተቋቋመው የወንጀል አጥኚ ኮሚሽን በ1967 ባወጣው ዘገባ፣ በ1965 ብቻ በአሜሪካ በስካር ምክንያት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ እስራት እንደተፈጸመ ገልጿል። ከሦስት እስራት አንዱ ማለት ነው! አንድ ማሽን ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ዞሮ ምንም ሳያመርት ሲቀር መሐንዲስ ማሽኑን ያጠፋል። መንግሥት ግን እንደ መሐንዲስ አይቸኩልም።

ስካር በሽታ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በ1784 ጽፎበታል። ስዊድናዊው ሐኪም ማግኑስ ሁስ በ1849 «አልኮሊዝም» የሚለውን ስም አወጣለት። በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ከተማ ሁለት ጠጪዎች፣ አንዱ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ተገናኝተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1956 ሆስፒታሎች እነዚህን ሰዎች እንደ ማንኛውም በሽተኛ እንዲቀበሉ ጠየቀ። ሕጉ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳሱ የፓዌል ጉዳይ፣ ሱሰኛን ሰው በአደባባይ ሰክሮ በመገኘቱ መቅጣት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል በአምስት ለአራት ድምፅ ፈረደ። አንድ ድምፅ!

ነገሩን የለወጠው ፍርድ ቤት ሳይሆን ራሱ የዳነ ጠጪ ነው። የአይዋው ሴናተር ሃሮልድ ሂውዝ ሱሰኛ እንደነበረ በአደባባይ ይናገር ነበር። በ1970 በስሙ የሚጠራው የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ አገር አቀፉ የአልኮል ምርምር ተቋምም በዚያው ሕግ ተፈጠረ። በ1971 ለክፍለ ግዛቶች አንድ ወጥ ሞዴል ሕግ ተዘጋጀ፤ ኮሎራዶም በ1973 የራሷን ሕግ አጸደቀች። የሕጉ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፦ ሰው ሰክሮ በመገኘቱ ብቻ ወንጀለኛ አይባልም፤ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ከሆነ ፖሊስ የሚወስደው ወደ እስር ቤት ሳይሆን ወደ ሕክምና ቦታ ነው። በዴንቨር ሄልዝ ሥር የሚሠራው ዴንቨር ኬርስ የተባለው ማዕከል የዚህ ለውጥ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ዴንቨርን እንደ ቅድስት ከተማ እንዳታዩብኝ። አንድ ሌሊት አስተኝቶ ስካሩ ሲለቅ መሸኘት ሕክምና አይባልም፤ ስንቱ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ከተማዋም ቢራዋን ትወዳለች። ጆን ሂክንሉፐር በ1988 መሐል ከተማ የቢራ መጥመቂያ ከፍቶ፣ ከዚያ ከንቲባ፣ ከዚያ አገረ ገዥ፣ ከዚያ ሴናተር ሆኗል። (በእኛ አገር ጠማቂ ሴት ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ብትወዳደር ምን እንደምንል አስቡት።) ከ2019 ጀምሮ ሙሉ ጥንካሬ ያለው ቢራ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ወይን በግሮሰሪው መደርደሪያ ላይ ከዳቦና ከወተት ጎን ይሸጣል። በመጠጥ ምክንያት በሚደርስ ሞት መጠን ኮሎራዶ ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሆኑት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት። በመላ አሜሪካ በ2020 እና በ2021 በዓመት በአማካይ 178,000 ያህል ሰው ከመጠን ባለፈ መጠጥ ሞቷል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ መቁጠራቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልሻገር፤ ምክንያቱም ይህን ነገር ሻንጣችን ውስጥ ይዘነው የመጣነው ከዚያ ነው። መጠጥ ለእኛ የፈረንጅ ነገር አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በዘመቻ አስገብሮ ወደ ሌላ አገር ያሰፈራቸውን የቤጃ ሰዎች ስንዴ ዳቦና ሥጋ እንዳበላቸው፣ ጠላና ወይንም እንዳጠጣቸው ይናገራል። ጠላ የገበሬው፣ ጠጅ የጌታው ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። ሙስሊም ወገኖቻችን እምነታቸው ይከለክላቸዋል፤ የክርስቲያኑ ደግሞ መጠጥ ልጓም ነበረው። ጠላ የሚጠመቀው ለበዓል፣ ለደቦ፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለወር ማኅበር ነው። ጌሾው መወቀጥ፣ ብቅሉ መብቀል፣ ጥንስሱ መፍላት አለበት፤ ቀናት ይፈጃል። የማኅበሩ ጽዋ በተራ ይዞራል፤ ሽማግሌ አለ፣ ቄስ አለ፣ ቀን መቁጠሪያው አለ። ጠላው ሲያልቅ አለቀ ነው።

ይህን ልጓም የበጠሰው፣ በእኔ ግምት፣ የሥነ ምግባር መላላት አይደለም። የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። እስቲ እንደ ሙያዬ ላስላው። ጠላ ከመቶ አራት እጅ አልኮል አለው እንበል። እዚህ አገር የሚሸጠው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለበት ውስኪ ግማሹ ብቻ 118 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ያንን ከጠላ ለማግኘት ወደ አራት ሊትር የሚጠጋ ጠላ መጠጣት ያስፈልጋል። አራት ሊትር ጠላ ሆድን ይሞላል፣ ያስተኛል፣ ሰው ፊት ያስጠጣል። ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ ግን ከሥራ መልስ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ብቻን፣ በአንድ ሰዓት ይወርዳል። በአገር ቤት ይህን ሥራ ቀድሞ የጀመረው አረቄ ነው። ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ወደ 45 እጅ ይጠጋል። የአርሲ ነጌሌን አረቄ የማያውቅ የለም። የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ በጭስ ዓይናቸው እየጠፋ ልጅ ያስተማሩበት ገንዘብ ስለሆነ በእነሱ ላይ መፍረድ አይከጅለኝም።

ከአረቄው በኋላ ትልቁ ካፒታል መጣ። ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዛ፤ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ በ2022 ደግሞ ለካስቴል ሸጦ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት አገር ቤት ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው የበዓሉን ፕሮግራም ያየው በቢራ ማስታወቂያ መሐል ነው። እንቁጣጣሹም፣ ገናውም፣ የእግር ኳሱም ድል የቢራ ሆነ። በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ ለመጠጥ መሸጫ የተፈቀደውንም ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ አደረገ። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ጥሩ ሲሠራ ጥሩ ማለት እንደ ድክመት በሚቆጠርበት የእኛ የፖለቲካ ባህል ውስጥ ሆኜም እላለሁ።

ሕክምናው ግን ከፋብሪካው ጋር አብሮ አላደገም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት እዚያው ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ያም ሆኖ የእኛ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት፣ ከመቶ 3.7 የሚሆነው ጎልማሳ የመጠጥ ችግር ነበረበት። ከዚያ ብዙም በማይርቀው በሶዶ ወረዳ በ1,500 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 13.9 ከመቶ አገኘ፤ ወንዶቹ ለብቻ ሲታዩ 25.8፣ ሴቶቹ 2.4። ሁለቱ ጥናቶች የተለያየ መለኪያ ስለተጠቀሙ «በአራት እጥፍ ጨመረ» ብሎ መጮኽ ስሕተት ነው፤ በሜትርና በክንድ የተለካን አጥር እንደማወዳደር ይሆናል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በሶዶ ችግራቸው ከበድ ያለው ሰዎች ከመቶ 87ቱ አንድም ቀን እርዳታ ፈልገው አያውቁም። አብዛኞቹም በራሳቸው ያፍሩ ነበር።

እንግዲህ «ሰካራም» ከሚለው ስድብ በቀር ለበሽተኛው የሚሆን ቃል በሌለበት አገር ማን «አሞኛል» ብሎ ይወጣል? ስኳር ያለበትን ሰው «ስኳር አለበት» እንላለን። ደም ብዛት ያለበትንም እንደዚያው። የመጠጡን ግን ሰውየውን ራሱን በሕመሙ ስም እንጠራዋለን።

አገር ቤት ያለው መድኃኒት ጠበል ነው። እዚህም ያለን ዘመዳችን ሲብስበት አሳፍረን ወደ እንጦጦ፣ ወደ ጻድቃኔ እንልካለን። እምነትን ለመንካት አይደለም፤ በጠበል ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሰውነቱ ያምፃል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊጥለው ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቅዠት፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁኔታ ያለ ሕክምና ይገድላል፤ በሕክምና ግን የሚሞተው ከመቶ አምስት በታች ነው። የሚያስፈልገውም የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ቫይታሚን ቢ1 እና ለጥቂት ቀናት የሚከታተል ዓይን ነው። ስለዚህ የዐቢይ ጾም መያዣ ሰኞ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ያለውን ወንድም ቤት ዘግቶ መጸለይ፣ ወይም እንደዚያው አሥራ አራት ሰዓት በሚፈጅ አውሮፕላን ላይ ማሳፈር፣ ቅን ሐሳብ ቢሆንም አደገኛ ነው። ቅዠቱንም «ሰይጣኑ ሲጮህ ነው» ብለን የምንተረጉመው ብዙዎች ነን። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጠበሉ አይሸሽም።

ይህን ስል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። በኤችአይቪ ጊዜም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞን ነበር። ጠበል ገብተው መድኃኒት የተዉ ሰዎች ሞተዋል። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። ያ ምክር ሰው አድኗል። ለመጠጥ ሕመም እንዲህ ያለ ቃል ከአንድ አባት አንደበት በዴንቨር መድረክ ላይ ቢሰማ፣ እኔ ከምጽፈው መቶ ጽሑፍ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ስናስብ ግን ሕክምናው ያለው በራችን ላይ ነው። አውሮራ ውስጥ ያለው የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ፣ ድሮ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ታመው የተኙበት የፊትዝሲሞንስ የጦር ሆስፒታል ግቢ ነው። ከእኛ ሰው በነርስነት፣ በላቦራቶሪ፣ በጽዳት፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራበት ብዙ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ሲዳር የሚባል የሱስ ሕክምና ማዕከል በ2005 ተከፍቷል። የክፍለ ግዛቱ ሜዲኬድም ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ተኝቶ ለሚደረግ የሱስ ሕክምና ይከፍላል። «ስሜ ይወጣል» የሚል ሥጋት ላለው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ የፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። አስተርጓሚ ሲቀርብ የአገር ሰው እንዳይሆን ከፈለገ በስልክ ከሌላ ከተማ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል።

መድኃኒትም አለ። ዳይሰልፊራም ከ1951 ጀምሮ፣ ናልትሬክሶን ለመጠጥ ከ1994 ጀምሮ፣ አካምፕሮሴት ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ናልትሬክሶን በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ የመጠጥን ጉጉት ይቀንሳል፤ የቤተሰብ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። ተአምር አይደለም፤ ለሁሉም አይሠራም። ግን በ2019 በአሜሪካ ራሷ የመጠጥ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒት ያገኙት 1.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፈረንጁም ያፍራል ማለት ነው። መድኃኒት የማይፈልግ ደግሞ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ አለለት። ገብቶ ላየው የእኛን የጽዋ ማኅበር ያስታውሳል፤ ክብ ተቀምጦ በተራ መናገር፣ አንዱ የሌላውን ሸክም መስማት። ልዩነቱ የሚዞረው ቡና መሆኑ ነው።

ላልታከመው የሚጠብቀውን ሕግም ማወቅ ይበጃል። በኮሎራዶ የደም አልኮል መጠን 0.08 ሙሉ ጥፋት ነው፤ ከ0.05 ጀምሮም ራሱን የቻለ ሌላ ክስ አለ። የንግድ መንጃ ፈቃድ ይዞ በጭነት መኪና ላይ ላለ ሰው ገደቡ 0.04 ነው። ከእኛ መካከል ስንቱ በታክሲና በትራክ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ታውቃላችሁ። ከዚህም የባሰ አለ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር፣ «መልካም ጠባይ» የለውም ተብሎ ይገመታል። አንዱ ማስረጃ ደግሞ ሕክምና መጀመር ሳይሆን የረጅም ጊዜ ጥሩ ሕይወት ነው። ዘግይቶ መታከም እንኳ ከመባረር ላያድን ይችላል።

ከሁሉ በላይ እጃችን ላይ ያለው ግን ዕድር ነው። ብዙ ዕድሮቻችን አባል ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለማድረስ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰበሰባል፤ አኩርቶናልም። ያው አባል በሕይወት ሳለ ለአሥር ቀን ሕክምና ቢቸገር ግን ያየኋቸው መተዳደሪያ ደንቦች አንድ ቃል የላቸውም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ ላቀርብ ነው። አባሉ ለመታከም ሲጠይቅ ለቀብር ከተመደበው ገንዘብ የተወሰነው በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ይከፈላል፤ ስሙን ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አያውቅም። «ለሰካራም ነው ወይ የምናዋጣው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ ከወዲሁ ይታየኛል። አሁንም እኮ እያዋጣን ነው፤ የሚደርሰው ግን ከሞተ በኋላ ነው። በሌላ ከተማ ያላችሁ አንባብያን፣ የእናንተ ዕድር ደንብ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለው ቃሉን ብትልኩልኝ አመሰግናለሁ።